«ጃፓንን ልትረጂ ነው?»

«ወርክ ካምፕ» የሚባለውን ነገር ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ሰው መጀመሪያ የሚያስቸግረው ቃሉ ራሱ ነው። «የሥራ ካምፕ» ቢሉት በሰው ጆሮ እስር ቤት ይመስላል። «የልማት ዘመቻ» ቢሉትማ የእኔ ዕድሜ ሰው ወዲያው የሚታየው አካፋና የስም ጥሪ ነው። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ልተወውና ነገሩን ላስረዳ። ከተለያየ አገር የመጡ አሥር፣ አሥራ አምስት ወጣቶች፣ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት፣ አንድ መንደር ውስጥ ይሰፍራሉ። የአውሮፕላኑን ራሳቸው ይከፍላሉ፤ ለአስተባባሪው ድርጅትም የመመዝገቢያ ይከፍላሉ። ቀለባቸውንና ማደሪያቸውን ተቀባዩ መንደር ይችላል። በሳምንት አምስት ቀን ያህል ይሠራሉ፣ ተራ ገብተው ያበስላሉ፣ ወለል ላይ ይተኛሉ። ደመወዝ የለም። እንግዲህ ከፍሎ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ማለት ነው። አበሻ ሲሰማው የሚስቀው እዚህ ላይ ነው።

የነገሩ አባት ፒየር ሴሬዞል የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920፣ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በፈረንሳይ አገር፣ ቨርደን አጠገብ፣ ኤስን በምትባል በመድፍ በፈራረሰች መንደር ቤት ለመሥራት ሰፈረ። ከሠራተኞቹ መካከል ጀርመኖች ነበሩበት። ቤት ያፈረሰው ወገን ልጆች መጥተው ቤት ሲሠሩ ማየት ለአገሬው ቀላል አልነበረም፤ ሥራው ጥቂት ወራት እንደሄደ ተቋረጠ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። ከዚያ ሙከራ የተወለደው ሰርቪስ ሲቪል ኢንተርናሲዮናል ዛሬም አለ። በ1934 በሕንድ ቢሃር የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ሴሬዞል እዚያም ሄዶ መንደር ሠርቷል። በ1948 ደግሞ የእነዚህ ማኅበራት አስተባባሪ ኮሚቴ በዩኔስኮ ጥላ ሥር ተቋቋመ። ይህን የማነሣው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። መነሻው ላይ ወርክ ካምፕ የካሳ ሥራ ነበር። ማን የማን ባለዕዳ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጃፓን ስንደርስ ነው ሂሳቡ የሚደበላለቀው።

እኛ ጃፓንን የምናውቃት በሌላ መልኳ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ፤ በ1924 ዓ.ም. ታተመ። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም ከሜጂው የጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ ነገር ወስዷል። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» አሉ። ይህን ርዕስ ለተማሪዎቼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሁልጊዜ የሚገርመኝ የጥያቄው ቅርጽ ነበር፦ እንደምን ሠለጠነች? በእኛ የጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ጃፓን ሁልጊዜ ሰጪ ናት፤ ምሥጢር ያላት፣ የምትጠየቅ፣ የምታስተምር። ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የራሷን ወጣት በጎ ፈቃደኞች ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት፤ ከእነሱም ወደኛ ትምህርት ቤቶች የመጡ አሉ። የምትረዳ ጃፓን እንጂ የምትረዳት ጃፓን በአእምሯችን የለችም። (በአማርኛ ቃሉ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ መገልበጡ ደግሞ የራሱ ቀልድ ነው።)

እውነተኛይቱ ጃፓን ግን ባዶ እየሆነች ነው። የሕዝቧ ብዛት በ2008 ገደማ 128 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደታች ነው። በ2023 ከመቶው 29 ያህሉ ዕድሜው ከ65 በላይ ነበር። በዚያው ዓመት የተደረገው የቤቶች ቆጠራ ሰው የማይኖርበት ቤት 9 ሚሊዮን ገደማ መሆኑን አሳየ፤ ከመቶ 13.8 ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት «አኪያ» ይሉታል። ከነዋሪው ግማሽ በላይ 65 ዓመት ያለፈውን መንደር ደግሞ አንድ የማኅበረሰብ ተመራማሪ «ጌንካይ ሹራኩ» አለው፤ አፋፍ ላይ ያለ መንደር እንደማለት። በ2014 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት 896 ከተሞችና ወረዳዎች ሊጠፉ ይችላሉ ብሎ አገሩን አስደነገጠ፤ በ2024 እንደገና ሲሰላ 744 ሆኑ። በሺኮኩ ደሴት ናጎሮ የምትባል መንደር አለች። የሞቱትንና የለቀቁትን ጎረቤቶቿን በጨርቅ አሻንጉሊት እየሠራች ማሳውና የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ የምታስቀምጥ ሴት አለችባት፤ አሻንጉሊቱ ከነዋሪው በብዙ በልጧል። ትምህርት ቤቱ በ2012 ተዘጋ፤ ተማሪ ሆነው የተቀመጡት አሻንጉሊቶች ናቸው።

ደኑም ቢሆን ሰው አጥቷል። ከጃፓን መሬት ሁለት ሦስተኛው ደን ነው ሲባል እንቀናለን። ከዚህ ደን ከመቶ አርባው ያህል ግን ሰው የተከለው፣ አብዛኛው ከጦርነቱ በኋላ የተተከለ ሱጊና ሂኖኪ የሚባል የጥድ ዘመድ ነው። የውጭ እንጨት በ1964 እንደ ልብ መግባት ሲጀምር የአገሩ እንጨት ዋጋ አጣ፤ ወጣቱ ከተማ ገባ፤ ደኑ ሳይመነጠር ቀረ። ዛሬ የሱጊ ዱቄት በጸደይ ሚሊዮኖችን ያስነጥሳል። ቀርከሃውም ያለ ከልካይ ወደ እርሻው ይወርዳል። እንግዲህ ናይስ የተባለው ማኅበር በ1990 ተመሥርቶ የውጭ ወጣቶችን ከጃፓን ወጣቶች ጋር ወደ ገጠር መላክ ሲጀምር የጠበቃቸው ሥራ ይኸው ነበር፤ ቀርከሃ መቁረጥ፣ ደን ማሳሳት፣ የእርከን ሩዝ ማረም፣ ሲደርስ ማጨድ፣ ሽማግሌዎቹ የማይችሉትን የበዓል ዕቃ መሸከም።

አንዲት ያስተማርኳት ልጅ በ2011 ዓ.ም. መስከረም ከእነዚህ ካምፖች ወደ አንዱ ሄደች። ቦታው ኒጋታ፣ ተራራማው ክፍል ነው። የአውሮፕላኑን የከፈለችላት አሜሪካ ያለች አክስቷ ናት። ጉዳዩን ለአባቷ ስትነግራቸው «ጃፓንን ልትረጂ ነው?» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። ስትመለስ ማስታወሻ ደብተሯን አምጥታ «ጋሼ፣ እርስዎ ይመልከቱልኝ፤ ሪፖርት ጻፊ ተብያለሁ» አለችኝ። ሪፖርቱ እንዴት ያለ እንደሚሆን ለማወቅ የሌሎችን ሪፖርት አብረን ሰብስበን አነበብን። ሃያ ያህል ይሆናሉ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ንባብ ነው።

ያረጀ ልማድ ሆኖብኝ ማንኛውንም ጽሑፍ ሳነብ ገፀ ባሕርይው ማነው፣ መቼቱ የት ነው፣ ግጭቱ ምንድን ነው እላለሁ። የካምፕ ሪፖርቶች የራሳቸው ሥርዓት ያላቸው ድርሰቶች ናቸው። ጸሐፊው ይደርሳል፤ ግራ ይጋባል። በሁለተኛው ቀን እጁ ውኃ ይቋጥራል። በሳምንቱ ከአንድ ሰው ጋር ቋንቋ ሳይግባባ ይስቃል። በመጨረሻው ሌሊት ሁሉም ያለቅሳሉ። ከዚያ «ሰጥቼ የሄድኩ መስሎኝ ተቀብዬ ተመለስኩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ ከሃያው በአሥራ አራቱ ቆጥሬዋለሁ። ውሸት ነው አልልም። ይህ ዓረፍተ ነገር ግን ሲደጋገም አንድ ነገር ይሸፍናል። የተለወጠው ባለታሪክ ሁልጊዜ ወጣቱ ነው። መንደሩ መቼት ነው እንጂ ገፀ ባሕርይ አይደለም። ፈረንሳዊው ስም አለው፣ ኮሪያዊቷ ስም አላት፤ አሮጊቶቹ በሙሉ «ኦባቻን» ናቸው፤ አያቴ ማለት ነው። እኛም ጋዜጣ ላይ «አንዲት እማማ» ብለን እንደምናልፋቸው መሆኑ ነው። ኦባቻን ፈገግ ትላለች፣ ታበላለች፣ ታጎነብሳለች። የምትቃወመው ነገር የላትም፤ ትናንት የመጣው ልጅ የሩዙን ሥር አብሮ ነቅሎ ሲጥል እንኳ አትናደድም። እንዲህ ያለች አሮጊት በዓለም ላይ መኖሯን እጠራጠራለሁ።

ከፊሉ ጥፋት የቋንቋ ነው። «ዓለም አቀፍ» ሲባል በተግባር እንግሊዝኛ ማለት ሆኗል። በእኛይቱ ካምፕ አሥራ ሁለት ነበሩ፦ አምስት ጃፓናውያን፣ ሦስት ፈረንሳውያን፣ ሁለት ኮሪያውያን፣ አንድ ታይዋናዊና የእኛዋ ልጅ። የሚያስተረጉመው ከቶኪዮ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ደብተሯ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ ሽማግሌው ረጅም ነገር ተናገሩ፤ አስተርጓሚው አሰብ አደረገና «በርቱ ይላሉ» አለ። በኋላ ሲጠየቅ የገጠሩን አነጋገር ግማሹን አለመስማቱን ነገራት። ከዚያ ረጅም ንግግር ውስጥ ምን እንደነበር ማንም አያውቅም። እንግዲህ ሪፖርቱ ላይ «በርቱ» ተብሎ ይገባል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕዳው ልመለስ። የጃፓን ገጠር በጎ ፈቃደኛ ከመምጣቱ በፊት የራሱ የሥራ መረዳጃ ነበረው። «ዩዪ» ይባላል። ስለ ወንፈል ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ፣ ቀን በቀን፣ ጉልበት በጉልበት። ሺራካዋ በምትባለው፣ በ1995 የዓለም ቅርስ በሆነችው መንደር፣ ያንን እጅ ለእጅ የተጋጠመ የሚመስል ትልቅ የሣር ጣራ የሚያለብሱት በዩዪ ነው፤ ማን ምን ያህል ሣርና ገመድ እንዳዋጣ፣ ማን ስንት ቀን እንደዋለ በመዝገብ ይያዛል። የጎረቤት ቅጣትም አላቸው። ከማኅበሩ የተገለለ ሰው «ሙራሃቺቡ» ይባላል፤ ሃቺቡ ስምንት እጅ ማለት ነው። ሰው ሲያስረዳው ከአሥሩ የጋራ ጉዳይ በስምንቱ ይገለላል፣ ሁለቱ ግን አይከለከሉትም ይላል፤ የእሳት ቃጠሎና ቀብር። የእድር ሰብሳቢ ሆኖ ለሠራ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ለቅሶ ላይ የሚሰጠው ገንዘብም ይጻፋል፤ ሐዘንተኛው ከተቀበለው ላይ ግማሽ ያህሉን በዕቃ መልሶ ይልካል። ስጦታ ተቀብሎ ዝም ማለት የለም። መልሱ «ኦካኤሺ» ይባላል።

ይህን ሥርዓት ይዘን አሥራ ሁለቱ ወጣቶች ሲመጡ እንያቸው። በነጻ ያጭዳሉ። ለመንደሩ ይህ ከባድ ነገር ነው፤ መመለስ አይቻልማ! ፓሪስ ድረስ ሄዶ ማን ያርምላቸዋል? ስለዚህ አሮጊቶቹ ያበላሉ። በየማታው አንዷ ዱባ በሶያ ቀቅላ፣ ሌላዋ በጨው የተቀመጠ ፕለም ይዛ፣ ሦስተኛዋ ሩዝ ጠፍጥፋ ትመጣለች። ሪፖርቶቹ ይህን «እንግዳ ተቀባይነት» ይሉታል። እኔ ደግሞ ሂሳብ መዝጋት ነው እላለሁ። ይህን ስል ላሳንሰው ፈልጌ አይደለም፤ እንዲያውም ከእንግዳ ተቀባይነት የበለጠ ክብር ያለው ነገር ነው። የተረዳች ሴት ሆና ላለመቅረት የምታደርገው ትግል ነው። ልጅቱ እንደጻፈችው አንዲት ፈረንሳዊት «ይህን ሁሉ እንዳያመጡ ይነገራቸው፣ ያስቸግራቸዋል» ብላ በስብሰባ ሐሳብ አቀረበች። ከልቧ ነው። የምትለው ነገር ግን ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ያቺን አሮጊት ዕዳዋን እንዳትከፍል ከልክሏት ማለቷ ነው።

የእኛዋ ልጅ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። አስተርጓሚው ጾምን እንዴት ብሎ ይግለጸው? ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም፤ ዓሣም ይቅርብኝ፤ ደግሞ በሽታ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ሾርባ ያለ ዓሣ ቅንጣቢ እምብዛም ስለማይሠራ ነገሩ ተወሳሰበ። አንዷ ሴትዮ ግን ጥቂት አሰቡና «ሰው ሞቶባት ነው?» አሉ። ጥያቄው መሠረት አለው። የቡድሃ መነኮሳት ምግብ «ሾጂን» ይባላል፤ ከእንስሳ የመጣ ነገር አይገባበትም፤ ተራው ሰውም በሐዘን ጊዜ ይበላዋል። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲያ በየረቡዑና በየዓርቡ ሾርባውን በባሕር ቅጠልና በደረቅ እንጉዳይ ብቻ ሠርተው፣ ለብቻው በትንሽ ድስት አመጡላት። ለባለቤታቸው ተዝካር የሚሠሩት ምግብ መሆኑንም ነገሯት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ቀን ነው ይህ የሆነው። በእኔ ግምት ከዚያ ካምፕ የወጣ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። አንዲት የኒጋታ ሴትዮ የማታውቀውን ጾም በሚያውቁት ሐዘን በኩል ተረዱት። ሴትዮዋ እዚህ ላይ መቼት አይደሉም።

ስለ ሥራው ብዛት ግን ራሳችንን አናታልል። አሥራ ሁለት ልጆች፣ ግማሾቹ ማጭድ ይዘው የማያውቁ፣ በአሥር የሥራ ቀን የሚያጭዱትን ሩዝ አንድ ትንሽ ማሽን በአጭር ጊዜ ያነሣዋል። እርከኑ ጠባብ ስለሆነ ማሽን የማይገባበት ቦታ አለ፤ እሱ እውነት ነው። አዘጋጆቹም ቢሆኑ ሥራው ሰበብ መሆኑን ያውቃሉ። በሰበብነቱ አልከፋም፤ ቡናም እኮ ሰበብ ነው። የምቃወመው ሰበቡ እየሳሳ ሲሄድ ነው። የጃፓን ወረዳዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ «ዓለም አቀፋዊ መሆን» የሚባል መፈክር ነበራቸው፤ እንዲህ ያለ መፈክር ባለበት የውጭ አገር ሰው ፎቶግራፍ ላይ መኖሩ በራሱ ሥራ ይሆናል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ማረም፣ ከዚያ የትምህርት ቤት ጉብኝት፣ ከዚያ ዩካታ ለብሶ ከሹማምንት ጋር መቆም። ማጭዱ ሲቀር የቀረው ጉብኝት ነው፤ ጉብኝት ደግሞ ክፉ ነገር ባይሆንም ስሙ ጉብኝት ይባል።

ጊዜውም ያነጋግራል። ካምፖቹ የሚበዙት ዩኒቨርሲቲ በሚዘጋበት ወራት ነው። የኒጋታ ተራራ ግን ሰው የሚፈልገው ጥር ላይ ነው። በረዶው ከሰው ቁመት በላይ ይቆለላል፤ ጣራው እንዳይደረመስ መጥረግ አለበት፤ በየክረምቱ በዚህ ሥራ ከሚሞቱት አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። የበረዶ ካምፖች የሉም ማለቴ አይደለም፤ አሉ፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ሩዝ ማጨድ ግን ፎቶው ያምራል።

ስለ «ፈቃድ» አንድ ነገር ልበል። ጃፓኖች ለበጎ ፈቃደኛ የራሳቸውን ቃል ትተው ከእንግሊዝኛ የወሰዱትን «ቦራንቲያ» ነው የሚሉት። አገልግሎት የሚል የራሳቸው ቃል «ሆሺ» አላቸው፤ ነገር ግን በጦርነቱ ዘመን ተማሪውንና ሴቱን ወደ ፋብሪካና ወደ እርሻ የነዳው ግዳጅ «ኪንሮ ሆሺ»፣ የጉልበት አገልግሎት፣ ይባል ነበርና ቃሉ ቆሽሿል። በጥር 1995 የኮቤ የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,400 በላይ ሰው ሲገድል፣ ማንም ሳያዛቸው በዓመቱ ውስጥ ከሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ለርዳታ ወጡ፤ ያንን ዓመት የበጎ ፈቃድ «አንደኛ ዓመት» ብለው ሰየሙት፤ በ1998ም ለማኅበራቱ ሕግ ወጣላቸው። እኛም «ዘመቻ» የሚል ቃል አለን። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በሕብረት ዘመቻ ብዙ አሥር ሺህ ተማሪ ገጠር ገባ፤ ከመካከላቸው በልቡ የሄደ ብዙ ነበር፤ ይሁንና መቅረት አይቻልም ነበር። እኔ ራሴ በደርግ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ ችግኝ ተሸክሜ ተራራ ወጥቻለሁ። የቀረ ልጅ ሰኞ በሰልፍ ላይ ስሙ ይጠራል። ዛሬ ነገሩን «በጎ ፈቃድ» እንለዋለን፤ ቃሉ ያማረ ነው። ነገር ግን ክረምት መጥቶ የአረጋውያን ቤት ሲታደስ ቴሌቪዥኑን አያለሁ። አዲስ ቆርቆሮ፣ ተመሳሳይ ካናቴራ የለበሱ ወጣቶች፣ መሐል ላይ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው የሚመርቁ እናት። ምርቃቱ እኮ ክፍያቸው ነው፤ ያላቸው እሱ ነው። ካሜራው ግን እንደ ምስጋና ይቀዳዋል። እኒያ እናት ለሠራተኞቹ ጠላ ልጥመቅ ቢሉ የሚፈቅድላቸው ያለ አይመስለኝም።

«ማን ነው ዓለም አቀፍ የሚሆነው?» የሚለው ጥያቄ አጭር መልስ አለው፤ ትኬት መግዛትና ቪዛ ማግኘት የሚችል። ያስተማርኩት ሌላ ልጅ ወደ ሌላ አገር ካምፕ ተጠርቶ፣ ሁለት ሳምንት በነጻ ሠርቶ እንደሚመለስ ለማስረዳት ኤምባሲ ቆሞ፣ «ማን በነጻ ይሠራል?» ተብሎ ተመልሷል። የኤምባሲውን ሰው ጥያቄ የልጅቱ አባትም ጠይቀውታል፤ እሳቸው ግን ማኅተም የላቸውም።

ከደብተሩ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩትን ልንገራችሁ። ልጅቱ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ መንዝ፣ አያቷ ዘንድ ነው ያደገችው። በሁለተኛው ቀን እህሉን ወደ ራሷ ስባ እንደምታጭድና በራሱ በጭዱ ነዶ እንደምታስር ያዩ አንድ ሽማግሌ ሥራቸውን አቁመው ተመለከቷት። እነሱም ሩዙን በእጅ ሲያጭዱ በገለባ አስረው ነው በእንጨት ላይ ሰቅለው የሚያደርቁት። ከዚያ ወዲያ ከእሷ ጋር በአንድ ረድፍ ሆኑ። አንድ ቀን ዕረፍት ላይ በአስተርጓሚው በኩል ጠየቋት፦ «በአያትሽ መንደር ስንት ሰው ቀረ?» ብዙ ሰው አለ፣ ቤቱ አይጠብም አለች። «የአያትሽንስ አዝመራ ማን ያጭዳል?» ልጅቱ እዚህ ላይ ዝም አለች። አያቷ መሬታቸውን ለእኩል ከሰጡ ቆይተዋል። አንድ ልጃቸው አዲስ አበባ ነው፣ አንዷ አሜሪካ፣ የልጅ ልጃቸው ኩዌት፤ እሷ ደግሞ ይኸው ኒጋታ። «ሰው ሞልቶ ለእሷ ግን ሰው የለም» ብላ ጻፈች፤ ለሽማግሌው ያልመለሰችላቸውን ነው። ከካምፑ ጃፓናውያን አንዱም በዚያው ምሽት የእሱ አያት ቤት ሌላ አውራጃ ውስጥ ተዘግቶ እንደሚገኝ፣ ሄዶ አይቶት እንደማያውቅ ነግሯታል።

ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ወደየአያቶቻችሁ አትሄዱም ነበር?» ማለቱ አይቀርም። ቶሎ የሚባል ነገር ነው፤ እኔ ግን አልፈርድባቸውም። የራስ አያት ቤት ሲሄዱ ጉልበት ብቻ ይዞ መሄድ የለም። መቼ ነው የምታገቢው አለ፣ የመሬቱ ድርሻ አለ፣ ያልተመለሰ ስልክ አለ፣ አክስት ያኮረፈችበት ለቅሶ አለ። የሰው አያት ይህን ሁሉ አትጠይቅም። እዚያ ማጭዱ ቀላል ነው። ወርክ ካምፕ ወጣቱን የሚስበው ከዘመድ ዕዳ ነጻ የሆነ ዝምድና ስለሚሰጥ ይመስለኛል። ለሁለት ሳምንት ደግሞ እውነተኛ ነው። መንደሩስ? በየዓመቱ አሥራ ሁለት አዲስ የልጅ ልጅ ተቀብሎ አሥራ ሁለቱንም ይሸኛል። ስለዚህኛው ወገን የተጻፈ ሪፖርት ከሃያው ውስጥ አንድም አላገኘሁም።

ልጅቱ ሪፖርቷን ጻፈች። «ተቀብዬ ተመለስኩ» የምትለዋን እንድታወጣ ነገርኳት፤ አወጣች። የሾርባውን ታሪክ አስገባች፣ የሴትዮዋንም ስም ጻፈች። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ አያቷ መንደር ለአዝመራ የሚሆን ትንሽ ካምፕ ማዘጋጀት ይቻል እንደሆነ ለመጠየቅ መንዝ ወርዳ ቀበሌ ገባች። ጸሐፊው በትሕትና አስቀመጧት። በጀቱ ስንት ነው አሏት። በጀት የለውም አለች። የፈረንጆቹ የቀን አበልስ? እነሱ ናቸው ከፍለው የሚመጡት። ለማን ነው የሚከፍሉት? ለትኬታቸው፣ ለመመዝገቢያ። ምን ሊሠሩ? ነዶ ሊያስሩ። ጸሐፊው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ምን ጎድሎባቸው ነው?» አሉ። እሷም ልታስረዳ ግማሽ ሰዓት ያህል ሞከረች። ደብዳቤው አልተጻፈም፤ በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ኮሮና መጣ።